«ይጠፋል» የተባለው ኮምፒውተር፦ የአንድ የጎንደር ቤት ጉዳይ ጥናት

ኮምፒውተሩ ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ በአንድ መኖሪያ ቤት የሚሠራ፣ አገልግሎ የተገዛ ዴስክቶፕ ነው። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ኮር አይ5 3470፣ ራሙ (በሥራ ላይ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዘው ማኅደረ ትውስታ) ዲዲአር3 የተባለው ዓይነት 8 ጊጋ፣ ማለትም ሁለት ባለ 4 ጊጋ ቁራጭ፣ ሃርድ ዲስኩ 500 ጊጋ፣ የተጫነበት ዊንዶውስ 10 ነው። ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የለውም፤ ምስሉን የሚያወጣው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ኤችዲ 2500 ነው። ይህቺን ነገር አንባቢ ይያዛት፣ ኋላ ትፈለጋለች። ቀን ቀን የቤቱ ልጅ የመመረቂያ ጽሑፉን ይሠራበታል፣ ማታ ቤተሰቡ ፊልም ያይበታል።

አቤቱታው አንዲት ቃል ነበረች፦ «ይጠፋል»። በዚህች ቃል የተነሣ ኮምፒውተሩ ሁለት ጊዜ ጥገና ቤት ገብቷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ፎርማት ተደርጎ፣ ማለትም ዲስኩ ተጠርጎ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጭኖ፣ ተመልሷል። ሦስት አራት ቀን ደህና ይመስልና ወደ ቀድሞው ይመለሳል። በሁለተኛው ጊዜ ዊንዶውሱ እየተጫነ ሳለ ፋይል መገልበጥ አልቻልኩም ብሎ መሃል ላይ ቆሞ ነበር፤ እንደገና ሲሞከር ግን አለፈ። እዚያ ላይ መቆምና መጠየቅ ይገባ ነበር። ከአንድ ፍላሽ፣ ወደ አንድ ዲስክ፣ አንዴ እምቢ ብሎ አንዴ የሚያልፍ ጭነት ከሶፍትዌር ይልቅ ወደ ራም ወይም ወደ ዲስክ ይጠቁማል። ፎርማት የሶፍትዌር መድኃኒት ነው። ራሙ ጤነኛ ባልሆነ ኮምፒውተር ላይ ፎርማት ማድረግ ደግሞ አዲሱን ዊንዶውስ በተበላሸው ራም በኩል አሳልፎ መጫን ስለሆነ ጉዳቱን ይጨምረዋል።

ቃሏን መበተን

መሣሪያ ከመነካቱ በፊት «ሲጠፋ ምን ታያላችሁ? ፋኑ ይቆማል ወይስ መዞሩን ይቀጥላል? የተጻፈ ነገር አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። ከመልሱ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ወጡ። አንዳንዴ ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል፣ ፋኑ ቆም ይልና ኮምፒውተሩ ራሱ መልሶ ይነሣል። አንዳንዴ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣና ሳይነበብ ያልፋል። ሌላ ጊዜ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ ክሮም ብቻውን ይዘጋል፣ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይረጫሉ፣ ትናንት በደህና የተከፈተ ዚፕ ፋይል ዛሬ ተበላሽቷል ይላል።

ቤተሰቡ ሦስቱንም «ይጠፋል» ይላቸዋል። ጠጋኙ ግን አንድ አድርጎ ከያዛቸው አንዱን ሲያስተካክል ሌላው ስለሚቀጥል «አልሠራም» ብሎ ትክክለኛውን ጥገና ያፈርሳል። ይህ ጉዳይ ወራት የፈጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሰማያዊው ስክሪን እንዲቆይ አውቶማቲክ ሪስታርት ተዘጋ። መንገዱ ዚስ ፒሲ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ አድቫንስድ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ በሚለው ሥር ሴቲንግስ፣ እዚያ ውስጥ «አውቶማቲካሊ ሪስታርት» ላይ ያለውን ምልክት ማንሣት ነው። ጥቅሙ ኮዱን ከማንበብም ያልፋል። ይህ ከተዘጋ በኋላም ኮምፒውተሩ ድንገት ጠፍቶ የሚነሣ ከሆነ አስነሺው ዊንዶውስ አይደለም ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሥሩ ያለው ኤሌክትሪክ ተቋርጧል።

ፋይሉ ይቅደም

የመመረቂያው ጽሑፍና የስታቲስቲክስ ፋይሎቹ እዚያው ዲስክ ላይ ነበሩ። የተለመደው ፍላሽ ሰክቶ መገልበጥ ነው፤ እዚህ ግን አልተደረገም። የሚገለበጥ ፋይል ሁሉ በራም በኩል ስለሚያልፍ ራሙ ከተጠረጠረ ቅጂውም ይጠረጠራል። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ተነቅሎ በሳታ ወደ ዩኤስቢ መቀየሪያ ከሌላ ጤነኛ ኮምፒውተር ጋር ተገናኘና እዚያ ተገለበጠ። በልጁ እጅ የነበሩት የቆዩ የፍላሽ ቅጂዎችም አዲስ እንዳይጻፍባቸው ተለይተው ተቀመጡ። እነዚያ አሮጌ ቅጂዎች በመጨረሻ ሁለት ፋይል አድነዋል።

ሰዓቱ የማይታመን መዝገብ

ዊንዶውስ የሆነውን ሁሉ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ይመዘግባል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤክስን አብሮ በመጫን ከሚመጣው ዝርዝር ይከፈታል፤ የሚታየው ዊንዶውስ ሎግስ ሥር ሲስተም የሚለው ነው። የዚህ ኮምፒውተር ሰዓትና ቀን ግን መብራት በሄደ ቁጥር ወደ 2012 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ይመለስ ነበር። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ፣ ሲአር 2032፣ በመልቲሜትር ስትለካ 2.6 ቮልት ሆና ተገኘች። 3 ቮልት መሆን ነበረባት። አዲስ ባትሪ ገብቶ ሰዓቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው ምዝገባው የተጀመረው፤ የቀድሞው ሁሉ ተተወ።

ልጁ ደብተር ያዘ። ሦስት ነገር ብቻ፦ ቀንና ሰዓት፣ የታየው፣ ተከፍቶ የነበረው ሥራ። ከገጹ ላይ ጥቂቱ ይኸውና፦

«ረቡዕ መጋቢት 3፣ ጠዋት 3፡20፣ ጠፍቶ ተነሣ፣ ወርድ ተከፍቶ ነበር።
ሐሙስ መጋቢት 4፣ ማታ 2፡05፣ ሰማያዊ፣ ሜሞሪ ማኔጅመንት።
ቅዳሜ መጋቢት 6፣ ጠዋት 3፡05፣ ጠፍቶ ተነሣ። 3፡40 ድጋሚ።
ሰኞ መጋቢት 8፣ ቀን 9፡30፣ ክሮም ተዘጋ፣ አረንጓዴ ነጠብጣብ።
ረቡዕ መጋቢት 10፣ ጠዋት 3፡15፣ ጠፍቶ ተነሣ፣ ምንም አልተከፈተም።»

ደብተሩንና ኢቨንት ቪወርን ሲያስተያዩ ስድስት ሰዓቱን መርሳት ቀላል ነው፤ የጠዋቱ 3፡05 ኮምፒውተሩ ላይ 9፡05 ነው። ቀኑም እንዲሁ፦ መጋቢት 1 ሁልጊዜ ማርች 10 ስለሚውል ቅዳሜ መጋቢት 6 ኮምፒውተሩ ላይ ማርች 15 ሆኖ ይፈለጋል። አንድ ሌላ ወጥመድም አለ። «ከርነል ፓወር 41» የሚለው መዝገብ የሚጻፈው ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ ነው። የጠፋበትን ደቂቃ የሚነግረው 6008 ቁጥር ያለው መዝገብ ነው። ራሱ ወዲያው ለሚነሣ ኮምፒውተር ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ጠፍቶ ለሚያድር ግን ሰዓታት ይሆናል።

በ14 ቀን 15 ምዝገባ ተሰበሰበ። 6 ድንገተኛ መጥፋት፣ 5 ሰማያዊ ስክሪን፣ 4 የፕሮግራም መዘጋትና የስክሪን መዥጎርጎር። ስድስቱ ድንገተኛ መጥፋቶች 41 ቁጥር መዝገብ ነበራቸው፤ ዲቴይልስ የሚለው ገጽ ላይ «በግቼክ ኮድ» የሚባለው የስህተት ቁጥር ዜሮ ነው። ዜሮ ማለት ዊንዶውስ ስህተት አይቶ አልቆመም፣ ለመጻፍ እንኳ ጊዜ ሳያገኝ ተቋርጧል ማለት ነው። አምስቱ ሰማያዊ ስክሪኖች ደግሞ ሦስት የተለያየ ስም ነበራቸው፦ ሜሞሪ ማኔጅመንት፣ ፔጅ ፎልት ኢን ነንፔጅድ ኤሪያ፣ አይአርኪውኤል ኖት ሌስ ኦር ኢኳል። አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከአንድ የኮምፒውተሩ ክፍል ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ ያው ኮድ ከያው ፋይል ስም ጋር ይደጋገማል። ኮዱም የሚከሰሰው ፋይልም በየጊዜው ሲቀያየር ጥርጣሬው ወደ ራም ያዘነብላል።

ቶሎ የወጡት

ዲስኩ የዲስክን ጤና በሚያሳየው ፕሮግራም፣ በክሪስታል ዲስክ ኢንፎ፣ ታየ። የተበላሹ ወይም የተጠረጠሩ ቦታዎችን የሚቆጥሩት ሪአሎኬትድ ሴክተር፣ ከረንት ፔንዲንግ ሴክተርና አንኮሬክተብል ሴክተር ሦስቱም ዜሮ ናቸው። ዲስኩ ከጥርጣሬ ወጣ።

ሙቀቱ በኤችደብሊው ሞኒተር ተለካ። ሥራ ሳይኖር 47፣ ሙሉ ጭነት ለ30 ደቂቃ ሲሰጠው 88 ዲግሪ። ብዙ ነው፣ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ አልጠፋም፤ ይህ ፕሮሰሰር ራሱን ለማዳን የሚቸኩለው ከ100 ዲግሪ በላይ ነው። ጠዋት ወርድ ብቻ ተከፍቶ የሚጠፋውን መጥፋት ሙቀት አያስረዳውም። ያም ሆኖ ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ያው ፋን በያው ፍጥነት እየዞረ የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። የበጋው አቧራ ሲጨመርበት ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ኩለር በዓመት አንድ ጊዜ ማጽዳት ይገባል። ጽዳቱ ግን ሆን ተብሎ ለመጨረሻ ተተወ። ሳጥኑን ከፍቶ ማራገፍ ራምና ገመድ ስለሚያነቃንቅ ብልሽቱ ምክንያቱ ሳይታወቅ ለጊዜው ሊሰወር ይችላል። በኋላ በብሩሽና በብሎወር ሲጸዳ፣ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ኩለሩ የሚያሻግረው የደረቀ ፔስት በአልኮል ተጠርጎ የአተር ክክ ያህል አዲስ ፔስት ሲደረግበት፣ የጭነቱ ሙቀት ወደ 69 ወረደ። በብሎወር ሲነፋ ፋኑን በጣት ይዞ ማቆም ያስፈልጋል፤ ከልክ በላይ የሚሽከረከር ፋን ሽክርክሪቱን የሚይዘውን ክፍል ያበላሻል።

ራሙ

ራም የሚፈትሸው ፕሮግራም፣ ሜምቴስት 86፣ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩ በእሱ ተነሣ። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው መፈተሻ ፈጣን ነው፣ ግን ጥቂት አልፎ አልፎ የሚስቱ ቦታዎችን ያልፋቸዋል። ሜምቴስት ቢያንስ 4 ዙር ይሂድ፤ ለ8 ጊጋ ሌሊቱን ሙሉ መመደብ ነው። በመጀመሪያው ሌሊት መሃል ላይ መብራት ሄደና ፈተናው ከዜሮ ተጀመረ። በሁለተኛው ሌሊት አንደኛው ዙር ንጹሕ አለፈ፣ በሁለተኛው ዙር 37 ስህተት ወጣ። አንድ ዙር ብቻ አይቶ «ራሙ ደህና ነው» ማለት ምን ያህል እንደሚያሳስት ከዚህ ይታያል። በራም ፈተና ጥቂት ስህተት ይፈቀዳል የሚባል ነገርም የለም፤ አንድ ስህተትም ስህተት ነው።

ከዚያ መለየት መጣ። ኃይል ተነቅሎ፣ የማብሪያው ቁልፍ 10 ሰከንድ ተጭኖ የቀረው ኤሌክትሪክ እንዲፈስ ተደረገ። ራም ከመንካት በፊት ያልተቀባውን የሳጥኑን ብረት መንካት በጎንደር በጋ ግዴታ ነው፤ ደረቅ አየርና የናይሎን ምንጣፍ ባለበት ቤት ሰው በሰውነቱ የሚያጠራቅመው የስታቲክ ኤሌክትሪክ ራሙን ሊገድለው ይችላል። የመጀመሪያው ራም ብቻውን በአንደኛው ማስገቢያ ገብቶ 4 ዙር ያለ ስህተት ጨረሰ። ሁለተኛው ራም በዚያው ማስገቢያ ስህተት አወጣ። የወርቅ ቀለም ያላቸው ጥርሶቹ በለስላሳ ነጭ ላጲስ ቀስ ተብለው ተጠርገው፣ ብናኙ በብሩሽ ተራግፎ፣ እንደገና ተሞከረ፤ አሁንም ስህተት። ወደ ሌላ ማስገቢያ ተዛወረ፤ ስህተቱ አብሮት ሄደ። ስህተቱ ማስገቢያውን ሳይሆን ራሙን ከተከተለ ማዘርቦርዱ ነጻ ነው።

አሁን ያቺ የግራፊክስ ነገር ትመጣለች። ኤችዲ 2500 የራሱ ማኅደረ ትውስታ የለውም፣ ከዋናው ራም ተበድሮ ነው ስዕሉን የሚያስቀምጠው። የተበላሸው የራም ክፍል ለስዕል ሲደርስ ባለቀለም አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ለክሮም ሲደርስ ክሮም ይዘጋል፤ ለዚፕ ፋይል ሲደርስ ፋይሉ ይበላሻል፤ ለዊንዶውስ እምብርት ሲደርስ ሰማያዊ ስክሪን ይሆናል። አምስቱ ሰማያዊ ስክሪኖችና አራቱ መዘጋትና መዥጎርጎሮች፣ ዘጠኙም ምዝገባዎች፣ የአንድ ብልሽት ገጾች ናቸው። ቤተሰቡ ስክሪኑን ለመቀየር አስቦ ነበር።

ምትኩ ሲገዛ ሦስት ነገር ታየ፦ ዲዲአር3 መሆኑ፣ የዴስክቶፕ ባለ 240 ፒን መሆኑ፣ ፍጥነቱ 1600 መሆኑ። ዲዲአር4 መቁረጫው ቦታ ስለሚለያይ አይገባም፤ በግድ የሚገፋ ሰው ማስገቢያውን ይሰብራል። ዲዲአር3ኤል የተባለው 1.35 ቮልቱ በ1.5 ቮልትም ስለሚሠራ ለዚህ ቦርድ ይሆናል። ገበያ ላይ ያለው ዲዲአር3 ባመዛኙ ከአሮጌ ኮምፒውተር የተነቀለ ስለሆነ የተገዛውም 4 ዙር ሳይጨርስ አልተቀበሉትም።

ራሙ ከተቀየረ በኋላ የሲስተም ፋይል መፈተሻው ሲሠራ ሊጠግናቸው ያልቻለ ብዙ የተበላሹ ፋይሎች አገኘ። ስለዚህ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ተጫነ። ፎርማት ቦታው እዚህ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ያለቦታው ከተደረገ በኋላ።

ምጣዱ

ከዚያ በኋላ ሰማያዊ ስክሪን አልታየም፤ ስክሪኑም አልተዥጎረጎረም። ቅዳሜ መጋቢት 20 ከጠዋቱ 3፡12 ግን ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ተነሣ።

ደብተሩ ተገለጠ። ስድስቱም ድንገተኛ መጥፋቶች፣ ይህ ሲጨመር ሰባቱም፣ ረቡዕና ቅዳሜ ናቸው፤ ሁሉም ከጠዋቱ 3 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ። የቤቱ እናት ገጹ ሲነበብ ሰምተው ከማጀት መለሱ፦ «ረቡዕና ቅዳሜማ እንጀራ የምጋግርበት ነው። ምጣዱን ስጥድ አምፖሉም ፈዘዝ ይላል እኮ።»

ረቡዕ መጋቢት 24 ጠዋት መልቲሜትር ተይዞ ተጠበቀ። መለኪያው በኤሲ 750 ቮልት ላይ፣ ቀዩ ገመድ በቮልት ቀዳዳ ውስጥ፤ በ10 አምፔር ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቶ ሶኬት የሚነካ ሰው ሁለቱን መስመር በቀጥታ ያገናኛል። ምጣዱ ሳይጣድ ኮምፒውተሩ የተሰካበት ሶኬት 215 ቮልት ነበር። ምጣዱ ሲበራ ብሬከሩ ጋ 193፣ ሶኬቱ ጋ 186 ሆነ። ምጣዱ 3.5 ኪሎ ዋት የሚል ጽሑፍ አለው፤ በ220 ቮልት 16 አምፔር ገደማ መሆኑ ነው። ከብሬከሩ እስከ ሶኬቱ የጠፋው 7 ቮልት የቤቱ የራሱ ነው፤ ምጣዱና ኮምፒውተሩ አንድ መስመር ይጋራሉ።

ግን 186 ቮልት ብቻውን ኮምፒውተር አያጠፋም። አክቲቭ ፒኤፍሲ (ከመስመሩ የሚሳበውን ኤሌክትሪክ የሚያስተካክል ክፍል) ያለው ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የሶኬቱን መብራት ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ቀይሮ የሚያቀርበው ሳጥን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ይህን ቁጥር ከምንም አይቆጥረውም። የዚህ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ከጊዜ በኋላ የተተካ፣ ከኋላው ቀይ 115/230 መቀየሪያ ያለው፣ በእጅ ሲመዘን ቀለል የሚል ነው። ሽፋኑ ላይ በትልቁ 500 ዋት ይላል፤ በሰንጠረዡ ግን ለ12 ቮልት የተጻፈው 14 አምፔር ነው፣ ሲባዛ 168 ዋት። መግቢያው ደግሞ ከ200 እስከ 240 ቮልት። በፋኑ ወንፊት በኩል በባትሪ ሲታይ ኤሌክትሪክ ከሚያከማቹት ካፓሲተሮች የሁለቱ አናት አብጧል። ቀዩ መቀየሪያ አይነካም፤ በእኛ መብራት 115 ላይ ከተደረገ ወዲያው ይፈነዳል። ሽፋኑም አይከፈትም፤ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ከ300 ቮልት በላይ ሊያቆይ ይችላል።

ትርፍ በሆነው ባለ አራት ቀዳዳ የኃይል ገመድ ላይ ቢጫና ጥቁሩ ተለካ። የ12 ቮልቱ ፈቃድ 5 ከመቶ ስለሆነ ከ11.40 መውረድ የለበትም። ምጣዱ ጠፍቶ 11.86 ነበር። ምጣዱ በርቶ ኮምፒውተሩ ሥራ ላይ ሲሆን 11.31 ታየና ወዲያው ጠፋ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ በካፓሲተር የሚከማቸው ጉልበት ከቮልቴጁ ስኩዌር ጋር ነው የሚሄደው። 215 ወደ 186 ሲወርድ ቮልቴጁ በ13 ከመቶ ቢቀንስም ክምችቱ በሩብ ይቀንሳል። ጤነኛ ካፓሲተር ይህን ይሸፍናል፣ ያበጠና የደረቀ አይሸፍንም።

ማረጋገጫው ቀይሮ መመለስ ነበር። የተዋሰ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ ተገጠመ፤ በያው ምጣድ፣ በያው 186 ቮልት፣ ኮምፒውተሩ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ አንድ ሰዓት ሠራ። አሮጌው ተመለሰ፤ 10 ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። ይህን ወዲያና ወዲህ ማለት ሳያደርጉ «ተገኘ» ማለት እንደገና መገመት ነው።

የተሠራው

አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ፓወር ሰፕላይ ተገዝቶ ገባ። የመብራት ሠራተኛ ማከፋፈያ ሳጥኑን ሲከፍት ሽቦዎቹ ተጠማዝዘው በቴፕ ብቻ የተያያዙበት ቦታ ጠቁሮ ተገኘ። ያ ቦታ ከኮምፒውተሩ ይበልጥ ለቤቱ ያሰጋ ነበር። መያያዣው በቦሎን በሚጠብቅ ማገናኛ ተተካ፤ ለምጣዱ ከብሬከር ጀምሮ የራሱ ባለ 4 ካሬ ሽቦ ተዘረጋለት። አሁን ምጣዱ በርቶ የኮምፒውተሩ ሶኬት 194 ቮልት ያሳያል። የቀረው መውረድ ከብሬከሩ በፊት ካለው መስመር ስለሆነ በቤት ውስጥ ሥራ አይስተካከልም።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆይ ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስም ተጨመረ። ለዚህ ኮምፒውተርና ስክሪን የሚሰጠው ጊዜ ጽሑፉን ሴቭ አድርጎ በወጉ ለመዝጋት ነው። ዩፒኤስ ወደ ባትሪ እስኪዞር እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ጤነኛ ፓወር ሰፕላይ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይታገሣል፣ አሮጌው ግን ይህንንም ባልታገሠ ነበር። ዩፒኤስ ብቻ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ወጥቶ ኮምፒውተሩ መጥፋቱን ሊቀጥል ይችል ነበር።

በቀጣዮቹ 30 ቀናት 41 ቁጥር መዝገብ አንዴም አልወጣም፤ በነዚያ ቀናት መብራት አራት ጊዜ ሄዷል። ከመመረቂያው ፋይሎች ሁለቱ አልከፈት ብለው ከቆዩት የፍላሽ ቅጂዎች ተተኩ፤ የሌሎቹ ቁጥሮች ከወረቀት መጠይቁ ጋር አንድ በአንድ ተመሳከሩ። የተበላሸው ራም ደግሞ በማርከር ትልቅ የኤክስ ምልክት ተደርጎበት ለሁለት ተሰበረ። መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ መልኩ ደህና ስለሆነ አንድ ቀን ለሌላ ሰው ኮምፒውተር ይገባል።